መውጣትና መቅረት በዲማ አገር፤ ርስት፣ ትምህርትና ስደት በምሥራቅ ጎጃም

መግቢያ

ሰው ከተወለደበት አገር ወጥቶ ቢሄድ ይሻለዋል ወይስ እዚያው ቢቀር? ከገጠር ወጥተን ዩኒቨርሲቲ የገባን ሁሉ ይህን ጥያቄ በልባችን እናመላልሰዋለን። ብዙ ጊዜ ግን የምናየው እንደ ግል ጉዳይ ብቻ ነው፤ ደመወዝ የት ይበልጣል፣ ወላጆችን ማን ይጦራል፣ ሰላም የት ይገኛል እያልን እንመዝናለን። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንፈልገው ጥያቄው የታሪክ ጥያቄም መሆኑን ነው። የመውጣት ዋጋና የመቅረት ዋጋ ከዘመን ወደ ዘመን ተለዋውጧል፤ የለወጠውም በተለይ የትምህርቱና የመሬቱ ሥርዐት ነው።

ምርመራችን በሰፊው እንዳይበታተን በአንድ ቦታ ዙሪያ እናደርገዋለን። ቦታውም በምሥራቅ ጎጃም በቢቸና አካባቢ ያለው ዲማ ነው። የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም በትውፊት በአቡነ ተከስተ ብርሃን እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት፣ ከዋሸራ፣ ከጎንጅ፣ ከደብረ ኤልያስና ከደብረ ወርቅ ጋራ በጎጃም ሊቃውንት መካከል ስሙ የሚጠራ የትምህርት ቦታ ነው። ዲማን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዲማ ሰዎች ትተውት የሄዱት ብቻ ሳይሆን አገራቸውን የተዉ ሰዎች የመጡበትም ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ አባይ ጎጃምን በሦስት ወገን ስለሚከበው ከዚያ አገር መውጣት ምን ጊዜም ገደል መውረድና ወንዝ መሻገር ማለት ስለ ነበረ፣ ወጣ የሚለው ቃል በዚያ አገር ሙሉ ክብደቱን ይዟል።

፩. ለመማር የሚወጣ

የቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አንድ ቦታ ተቀምጦ የሚጨረስ አልነበረም። ንባብና ዳዊት በየደብሩ ይገኛል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን በየአገሩ የተከፋፈለ ነው። ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ ለመማር ወደ ጎንደር፣ ቅዳሴ ለማስመስከር ወደ ትግራይ ደብረ ዓባይ ወይም ወደ ወሎ ሰለልኩላ መሄድ የተለመደ ነበር። ቅኔ ለመማር ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ጎጃም ነው። ስለዚህ የጋይንቱ ልጅ ወደ ጎጃም ሲመጣ የጎጃሙ ልጅ ወደ ጋይንት ይሄድ ነበር። መውጣት ለትምህርቱ የሚጨመር ትርፍ ድካም ሳይሆን ራሱ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነበር ማለት ይቻላል።

ተማሪው ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ ቤት ሲወጣ ከቤተ ሰብ ፈቃድ ያገኘበት ጊዜ አለ፤ ተደብቆ የጠፋበት ጊዜም ብዙ ነው። በተወለደበት ቀየ ቢቀር አባቱ ለእርሻና ለከብት ጥበቃ ይፈልገዋል፤ በዘመድ ደጅ ቆሞ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ መለመንም ለቤተ ሰቡ ነውር ይሆንበታል። ሰው በማያውቀው አገር ግን ልመናው ነውርነቱ ይቀርና የተማሪ ማዕርግ ይሆናል። በየኔታው ደጅ ትንሽ ጎጆ ይቀልሳል፤ ቀን ቀን መንደር ለመንደር ቁራሽ ይለምናል፤ ማታ ማታ ቅኔ ይቆጥራል። የአገሩ ውሻ ይነክሰዋል፤ የአገሩ ሴት ግን እንጀራ ቈርሳ ትሰጠዋለች።

ይህ ልግስና እንዴት ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቆይ ቻለ? የሃይማኖት ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከዚህ ጋራ አንድ የኑሮ ምክንያትም እንደ ነበረው እንገምታለን። በዲማ ዙሪያ ባለ መንደር የምትኖር እናት ለማታውቀው ልጅ ቁራሽ ስትሰጥ፣ የእርስዋም ልጅ በዚያው ሰዓት በሌላ አገር ሰው ደጅ ቆሞ ይሆናል። አንዱ አገር የሌላውን ልጅ ያበላል፤ ደብተር ተይዞለት የማይታሰብ ትልቅ ብድር ነው። ተማሪው በሄደበት አገር እንግዳ ነበር፤ ነገር ግን እንግድነቱ የታወቀ ስም፣ የታወቀ ልብስና የታወቀ ደጅ ነበረው።

ከተማረ በኋላ ሦስት መንገድ ይከፈትለታል። ወንበር ተክሎ በዚያው በመጣበት አገር ያስተምራል፤ ወይም ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ተሻግሮ ትምህርቱን ይጨምራል፤ ወይም ወደ ተወለደበት ደብር ተመልሶ መሪጌታ ወይም ቄሰ ገበዝ ይሆናል። ወደ አገሩ ቢመለስ የሚጠብቀው ነገር አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ወደ መሬቱ ያመጣናል።

፪. የወጣ ሰው ርስት

በጎጃም የነበረው የርስት ሥርዐት በደቡብ አገሮች ከነበረው የጭሰኝነት አኗኗር የተለየ መሆኑ የታወቀ ነው። በዚህ ላይ አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የኅብረተሰብ አጥኚ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያደረገውና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ያሳተመው ጥናት እስካሁን ዋና መሪ ሆኖ ይኖራል። ደጋ ዳሞት ከዲማ ወዲያ በምዕራብ በኩል ቢሆንም የሥርዐቱ መሠረት በጎጃም ደጋ ሁሉ ተመሳሳይ ነው።

አገሩን መጀመሪያ ያቀናው ሰው ዋና አባት ይባላል። መሬቱ በልጆቹ ስም ይከፈላል፤ የእያንዳንዱም ልጅ ድርሻ ለተወላጆቹ ሁሉ ነው። ተወላጅነቱ በአባት በኩልም በእናት በኩልም ይቈጠራል። እንግዲህ አንድ ሰው በአባቱ፣ በእናቱ፣ በአራቱ አያቶቹና በስምንቱ ቅድመ አያቶቹ በኩል ዘሩን እየቈጠረ በብዙ ደብሮች ርስት አለኝ ለማለት ይችላል። ሁሉን ሊያርስ ግን አይችልም፤ በሚኖርበት አካባቢ ያገኘውን ያርሳል፤ የቀረውን በእጃቸው የያዙት ዘመዶቹ ያርሱታል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለጥያቄያችን ትልቅ ዋጋ አለው። መሬቱ የአንድ ሰው የግል ንብረት ስላልሆነ የሚሄደው ሰው ሸጦት ገንዘቡን በኪሱ ይዞ መሄድ አይችልም። በወንጌል የተጻፈው ታናሹ ልጅ የሚደርሰኝን ስጠኝ ብሎ ድርሻውን ይዞ ወደ ሩቅ አገር ሄደ፤ ሲመለስም ከአባቱ ምሕረት በቀር የሚጠይቀው አልነበረውም። የጎጃም ባለ ርስት ግን ባዶ እጁን ይሄድና ባለ መብት ሆኖ ይመለሳል። ርስት በሺሕ ዓመቱ ለባለቤቱ የሚለው ተረት የተነገረው ለዚህ ነው። ሃያ ዓመት በቅኔ ቤትና በጌታ ደጅ የቈየ ሰው ተመልሶ የዘሩን ሐረግ ቢቈጥርና ሽማግሌ ቢመሰክርለት በሕግ ፊት ቃሉ ይሰማል። የሄደው ባይመለስ እንኳ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ መጥቶ የአባቴ አገር ነው ለማለት ይችላል።

በዚህ ምክንያት በቀድሞው ጎጃም መውጣትና መቅረት እንደ ዛሬ ፊት ለፊት የሚጋጩ ሁለት ምርጫዎች አልነበሩም። የቀረው ወንድም ለወጣው ወንድም መሬቱን ይይዝለታል፤ የወጣው ወንድም በበኩሉ ማዕርግ ወይም እውቀት ይዞ ሲመለስ በሙግት ጊዜ ለቤተ ሰቡ ኀይል ይሆናል። ካገሩ የወጣ ሰው እስኪመለስ ድረስ እንደ አህያ ቢጭኑት እንደ ፈረስ ቢለጕሙት የሚችል ምስኪን ነው የሚለው የታወቀ ተረትም የስደትን መራራነት ሲናገር፣ እስኪመለስ የሚለውን ቃል ጨምሮ መሆኑን ልብ ይሏል። መመለሱን ተረቱ አይጠራጠርም።

፫. የርስት ጕድለት

ሆኖም የጥንቱን ሥርዐት ከሚገባው በላይ ማመስገን እውነትን መበደል ይሆናል። ሦስት ጕድለቶችን እንጠቅሳለን።

አንደኛ፣ የመመለስ መብት የባለ ርስት ብቻ ነበር። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ የባሪያ ዘር ተብሎ የተናቀው ሰው፣ በብዙ ቦታም እስላሙ ከርስት ክፍያ ውጭ ነበሩ። ለእነዚህ ሰዎች መቅረት መሬት አያስገኝም፤ መውጣትም መሬት አያሳጣም። አንድን መንደር በርስት አንድ ነው ብለን ስንናገር እነዚህን ሰዎች እንዳልቈጠርናቸው ማወቅ ይገባናል።

ሁለተኛ፣ በሕግ ፊት ያለው መብትና በእጅ የሚገባው መሬት ለየብቻ ናቸው። ተመላሹ ጠያቂ፣ የቀረው ወንድሙ ያዥ ነው። ያዥ ዛሬ ነገ እያለ ያጓትታል፤ ነገሩ ወደ ሙግት ይገባል፤ ሙግቱ በሬና ላም እየበላ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ገንዘብና አማላጅ ያለው ያሸንፋል፤ ባዶ እጁን የመጣ ድኻ ተመላሽ ግን የዘሩን ሐረግ በቃሉ ቢያወርድም አንድ ጥማድ ላያገኝ ይችላል። ሴትም ርስት ትወርሳለች ቢባልም ብዙ ጊዜ ድርሻዋን የሚከራከርላት ባልዋ ወይም ልጅዋ ነው።

ሦስተኛ፣ መሬቱ ምን ጊዜም ጠያቂ ስለማያጣ ያዡ ለማሻሻል አይተጋም የሚል ክርክር በ1950ዎቹ በመንግሥቱ ባለሞያዎችና በውጭ አማካሪዎች ዘንድ ይሰማ ነበር። ክርክሩ እውነት የሌለው አይደለም።

የአገሩ ገበሬ ግን ርስቱን የሚመዝነው በሌላ ሚዛን ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ የገንዘቡን መጠን ብቻ አላየም፤ ግብሩ መሬት መለካትን፣ መለካቱም ርስት መነቀልን ያመጣል ብሎ ፈራ። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት የተነሣው ዐመፅ ጦር ሠራዊትና አይሮፕላን እስኪላክበት ድረስ የቈየው ለዚህ ነው። በግብሩ ላይ የተነሣው ሰው የሚከላከለው በእጁ ያለውን ጥማድ ብቻ አልነበረም፤ በሩቅ ያለውን ወንድሙንና ገና ያልተወለደውን የልጅ ልጁን ስም ጭምር ነበር።

፬. ከዲማ ወደ አዲስ አበባ

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመውጣት አቅጣጫ መለወጥ ጀመረ። ቀድሞ ከጉባኤ ቤት ወደ ጉባኤ ቤት የነበረው ጕዞ ወደ አዲስ አበባ ዞረ። በዚያ አዲስ ትምህርት፣ የመንግሥት ሥራና ጋዜጣ ነበረ። በጣልያን ወረራ ዘመን የተጠረገው የመኪና መንገድም ሲጨመር፣ በበቅሎና በእግር ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረው ጕዞ አጠረ።

የዚያን ትውልድ ጕዞ በሁለት ሰዎች ሕይወት ማየት ይቻላል። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ተወላጅ ነበሩ፤ በአገራቸው የቀሰሙትን ቅኔ ይዘው አዲስ አበባ ገቡና የቴአትርና የመዝሙር ደራሲ ሆኑ፤ በጠላት ወረራ ዘመን ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ከነጻነት በኋላም እስከ 1939 ዓ.ም. ኖሩ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊ ትምህርት ጨመሩ፤ ተመልሰውም በጎጃም አገለገሉ፤ ጦርነት ሲመጣ የጎጃም ገዥ የነበሩትን ልዑል ራስ እምሩን ተከትለው ዘመቱ፤ ከእርሳቸውም ጋራ ተማርከው በኢጣልያ ለብዙ ዓመታት ታሰሩ። ከእስራት በኋላ ሕይወታቸው በኢየሩሳሌም፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በአዲስ አበባ በመንግሥት ሥራ አለፈ። በ1996 ዓ.ም. ሲያርፉ ጎጃምን በሥጋ ከለቀቁ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር።

በጽሑፍ ግን ተመልሰዋል። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር የተሰኘው ልብ ወለድ ዋናው መድረኩ ዲማ ነው። ልብ ወለድ የታሪክ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቈጠር እንጠነቀቃለን፤ ነገር ግን ደራሲው ራሳቸው የተማሩበትን አገር የጻፉ በመሆናቸው አስተያየታቸው ሊመረመር ይገባዋል። በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው፤ ለትምህርት አገሩን ትቶ ወደ ዲማ መጣ፤ በፊታውራሪ መሸሻም ቤት አስተማሪ ሆነ። ይህ እስከዚህ ድረስ የቀድሞው ዐይነት መውጣት ነው። ከሰብለ ወንጌል ጋራ የያዘው ፍቅር ሲገለጥ ግን ከዲማ ወደ አዲስ አበባ ሸሸ፤ ይህ ሁለተኛው መውጣት መመለሻ የሌለው ነው። እርስዋም ልትፈልገው ከአባትዋ አገር ወጣች፤ ሁለቱም ወደ ኖሩበት ሕይወት አልተመለሱም። ጕዱ ካሣ ደግሞ እዚያው ቀርቶ የወገኖቹን ልማድ ሲነቅፍ እብድ ተባለ። ደራሲው የሚያቀርቡልን ሚዛን ከባድ ነው፤ ወጣቶቹ ቢወጡ መንገድ ያጠፋቸዋል፤ አዋቂው ቢቀር ሰሚ ያጣል። ሐዲስ ዓለማየሁ ስለ ዲማ የጻፉት ከወጡ በኋላ መሆኑም የሚያስተምረን ነገር አለ። ዲማን ለኢትዮጵያ አንባቢ ሁሉ ያሳወቀው ከዲማ የወጣ ተማሪ ነው።

በዚያው ዘመን መንግሥቱ የተማረው ሰው ከከተማ እንደማይመለስ ማየት ጀምሮ ነበር። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል አስገድዶ ነበር። በቀድሞው ትምህርት መውጣት የትምህርቱ ክፍል እንደ ነበረ፣ በዚህ ሥርዐት መመለስ የትምህርቱ ክፍል እንዲሆን ተሞከረ ማለት ነው። ሙከራው ከአብዮቱ በኋላ ቀረ።

፭. መሬት ለተገኘው

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ የአገሪቱን ታሪክ ከለወጡት ነገሮች አንዱ ነው። በደቡብ አገሮች ጭሰኛውን ከባላባቱ አላቅቋል፤ ስለዚህም ብዙ ተጽፎለታል። ጭሰኝነት ባልተስፋፋበት በጎጃም ደጋ ያስከተለው ለውጥ ግን ሌላ መልክ ነበረው፤ ይኸኛው መልኩም ያን ያህል አልተመረመረም።

ዐዋጁ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ ንብረት አደረገ፤ ራሱ ለሚያርስ ሰው እስከ 10 ሄክታር እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ባያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር በሆነ ቦታ ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ። በርስት አገሮች በዚያን ጊዜ መሬቱን ይዞ የሚያርሰው ሰው እንደ ያዘ ቀረ። በዚህ አንድ ቀን የዘር ሐረግ መቍጠር ዋጋ አጣ። ቀድሞ ተወላጅ ነህ ወይ ይባል የነበረው ጥያቄ ነዋሪ ነህ ወይ በሚል ተተካ። ሙግት አቆመ፤ ሸማኔውና ቀጥቃጩም መሬት የማግኘት ስም አገኙ። ይህ ትልቅ ፍትሕ ነው። በዚያው ቀን ግን በሩቅ ያለው ወንድም ከመዝገብ ወጣ።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተደረገው የመሬት ሽግሽግ ይህን አጠናከረ። መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች አገኙ፤ የቀድሞ ሥርዐት ሹማምንት ናቸው የተባሉት ከ1 ሄክታር እንዳይበልጡ ተደረጉ፤ ይህም በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ብዙ ቅሬታ አስነሣ። ለመካፈል ዋናው መስፈርት በቀበሌው መኖር ነበር። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ጠቅላላ ክፍያ ስላልተደገመ፣ ከ1989 ወዲህ ለዐቅመ አዳም የደረሰ ልጅ ከወላጆቹ ይዞታ ላይ ከሚቈረስለት በቀር የሚጠብቀው መሬት የለውም። ቀጥሎ የመጣው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለያዡ ዋስትና ሰጠ፤ ከደብተሩ ውጭ ላለው ሰው ደግሞ በሩ መዘጋቱን በጽሑፍ አጸና።

አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ከዚህ የተነሣ መውጣትና መቅረት ቀድሞ ያልነበራቸውን ጠላትነት አገኙ። የቀረ ልጅ አንዲት ጥማድ ከአባቱ ላይ ይቈርሳል፤ የወጣ ልጅ ስሙ ከቀበሌው ይወጣል። ወጥቶ መመለስ የሚፈልግ ሰው የተገኘው መፍትሔ ሳይለቁ መሄድ ሆነ። የጎጃም ወጣት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ፣ ለቡና ለቀማ ወደ ጅማ ወገን ወርዶ ለዘር ወይም ለበዓል ሲመለስ፣ አዲስ አበባም በቀን ሥራ ከርሞ ክረምት ሲገባ ወደ ቀየው ሲሄድ የምናየው ለዚህ ነው። ይህ ሰው እንዳልወጣ እየተቈጠረ የወጣ ነው። እኅቱ ግን ወደ ዐረብ አገር ስትሄድ እንደ እርሱ ወቅት ጠብቃ የምትመለስበት መንገድ የላትም።

የሌላ አገር ምሳሌ ነገሩን ያብራራልናል። በእንግሊዝ በቀድሞ ዘመን የመሬቱ ወራሽ የበኵር ልጅ ስለ ነበረ ታናናሾቹ ከጥንት ጀምሮ ወጥተው ቀሩ፤ ወደ ጦር፣ ወደ ንግድና ወደ ባሕር ማዶ ሄዱ። በቻይና ደግሞ በመቶ ሚሊዮን የሚቈጠር ገበሬ ወደ ከተማ ሄዶ ሲሠራ የነዋሪነት መዝገቡ በመንደሩ ይቀራል፤ ከተማው ሙሉ የነዋሪ መብት ባይሰጠውም መንደሩ የመሬት ድርሻውን ይይዝለታል። የቻይናው ሠራተኛ እንደ ጥንቱ የጎጃም ባለ ርስት ከኋላው የሚጠብቀው ነገር አለው፤ የዛሬው የጎጃም ልጅ ግን እንደ እንግሊዙ ታናሽ ልጅ ሆኗል፤ ልዩነቱ የሚሄድበት የተዘጋጀ ቦታ አለመኖሩ ነው።

፮. የሚሄዱበት አገር

እስካሁን ያየነው የተተወውን አገር ነው። የሚሄዱበት አገርም ተለውጧል። በድሮው ጊዜ ተማሪው፣ ነጋዴውና ወታደሩ አባይን ተሻግረው ሲሄዱ፣ ገበሬውም ወደ ወለጋ ወርዶ ሲሰፍር ችግር ነበረ፤ ጎጃምም ሰው ላከች እንጂ አልተቀበለችም ማለት አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በረኀብ ምክንያት በአገሪቱ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ሲሰፍር፣ ከሰፈራዎቹ ትልቁ የነበረው ፓዌ በዚያን ጊዜ የጎጃም ክፍል በነበረው በመተከል ነው። ሰፋሪዎቹ በብዛት ከወሎና ከሌሎች አገሮች የመጡ ሲሆኑ፣ የቦታው ነባር ነዋሪዎች ደግሞ ጉሙዞች ነበሩ። የመጣው ሰው ባዶ መሬት ተሰጠኝ ሲል የነበረው ሰው መሬቴ ተወሰደ ይላል። የአንዱ መውጣት የሌላው መግፋት ሊሆን እንደሚችል ይህ ይመሰክራል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በፈለገበት የአገሪቱ ክፍል የመኖር ነጻነት እንዳለው ይናገራል። በዚያው ሕገ መንግሥት የተቋቋሙት ክልሎች ግን ባለቤትነትን በብሔር ስም የሚያስቡ ሆኑ። በ2004 ዓ.ም. ከጉራ ፈርዳ፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ከቤንሻንጉል ጉሙዝ የአማራ ተወላጆች ሲፈናቀሉ፣ በብዙ ዓመት ድካም ያቀኑትን ማሳ ትተው ወደ አባቶቻቸው አገር ተመለሱ። በአባቶቻቸው አገር ደግሞ ነዋሪ ባለመሆናቸው መሬት አልጠበቃቸውም። በሄዱበት አገር የተወላጅነት ጥያቄ፣ በመጡበት አገር የነዋሪነት ጥያቄ አስወጣቸው። ከዚህ የበለጠ የጽሑፋችንን ነጥብ የሚያስረዳ ማስረጃ አላገኘንም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ሲጨመርበት፣ መቅረትም እንደ ቀድሞው የዋስትና ምርጫ መሆኑ ቀረ።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው ታሪክ ሦስት ነገሮችን እናገኛለን።

የመጀመሪያው፣ ከአገር መውጣት በጎጃም አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው። ወጣቱ የአባቱን አገር እየጠላ መጣ የሚሉ ሰዎች ዲማን የመሠረተውና ያከበረው የወጣ ተማሪ መሆኑን ሊያስታውሱ ይገባል። በዲማ ደጅ የተቀመጡት ተማሪዎች ሁሉ የየአገራቸውን ደጅ የተዉ ነበሩ።

ሁለተኛው፣ የተለወጠው የመመለሻው መንገድ መሆኑ ነው። ቀድሞ ርስቱ ሰውን ወደ ኋላ ይስበው ነበር፤ ጉባኤ ቤቱም ወደ ፊት ይጠራው ነበር፤ በሁለቱ መካከል ሰው ይመላለስ ነበር። የርስቱ ገመድ በ1967 ዓ.ም. በአንድ በኩል በፍትሕ ምክንያት ተቈረጠ፤ በሌላ በኩል ግን በምትኩ ሌላ ገመድ አልተዘረጋም። ጥንቱን ለመመለስ አንመኝም፤ ሸማኔውን ያላስቈጠረ ርስት ይመለስ የሚል ሰው ከእኛ መካከል አይገኝም። ነገር ግን መሬትን ለነዋሪ ብቻ የሚሰጥ ሕግ የተንቀሳቀሰውን ሰው ሁሉ እንደ ከዳተኛ እንዳይቈጥር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የክልሉ የመሬት ዐዋጆች ይዞታን ለተወሰነ ዘመን ማከራየትን መፍቀዳቸው አንድ ትንሽ መሻሻል ነው፤ ይኸውም ለባለ ደብተሩ ብቻ የሚያገለግል መሆኑ ያሳዝናል። ለሥራ ወይም ለትምህርት የወጣ ልጅ በታወቀ የዓመት ገደብ ውስጥ ቢመለስ ከወላጆቹ ይዞታ የሚደርሰው የማይታገድበት ሥርዐት ቢታሰብ የጥንቱ በጎ ነገር ያለ ጥንቱ በደል ሊገኝ ይችላል ብለን እናምናለን።

ሦስተኛው የሚነካው እኛን ተማሪዎችን ነው። በ1999 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሲጀመር ጎጃም እንደ ገና ከሌላ አገር ተማሪ የሚመጣባት ቦታ ሆነች። የአገሩም ልጅ በፊናው ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይመደባል። ስለዚህ የቆሎ ተማሪው ጕዞ በአዲስ መልክ ቀጥሏል ማለት ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። የቅኔ ተማሪ ሲመለስ እውቀቱ በደብሩ ሥራ ያገኝ ነበር፤ ማሕሌት የሚቆም፣ ልጆች የሚያስተምር፣ ሙግት የሚጽፍ ሰው ይፈለግ ነበርና። የዛሬው ምሩቅ ግን ወደ ተወለደበት ወረዳ ቢመለስ ከጥቂት የመንግሥት ወንበሮች በቀር ለተማረው ነገር የተዘጋጀ ቦታ አያገኝም። እንግዲህ ለምን አትመለሱም ተብለን ስንወቀስ ወቀሳው በግማሹ ይገባናል፤ ግማሹ ግን መመለሻውን ላላዘጋጀው ሥርዐት ነው።

መቅረት ይሻላል ወይስ መውጣት የሚለውን ጥያቄ ለሁሉ በአንድ ቃል መመለስ አይቻልም። ዲማ ለብዙ መቶ ዓመታት ያስተማረችው ሁለቱንም ነው፤ ልጆቿን ሰደደች፤ የሌላውን ልጅ አበላች። ከእኛ የሚወጣ ሰው ከመውጣቱ በፊት ወደ ኋላ የሚያስረውን ገመድ ይመርምር፤ ገመዱ ካለ ይጠብቀው፤ ከሌለም የሚዘረጋበትን መንገድ ይፈልግ። የሚቀረውም ሰው ለወጣው ወንድሙ ደጁን አይዝጋ። ሕግ አውጭዎቻችን ደግሞ ስለ ስደት ሲመክሩ ስንት ሰው ወጣ ብለው እንደሚቈጥሩ ሁሉ፣ ስንት ሰው መመለስ ይችላል ብለውም ቢቈጥሩ፣ በዲማ አገር ለሚገኙ እናቶች ትልቅ ነገር ይሆናል።